ተፍሲርን ከማን እንቅራ?

(በረመዷን 1434 ሂጅራ፣ ሐምሌ 2005 ዓ.ም.፣ ሸኮ ከተማ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

  



ጾም ላይ ናችሁ፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ከሚዛንና ከቴፒ የመጣችሁ እንግዶች ዝናቡ ሳይቀድማችሁ መንገድ መጀመር እንደምትፈልጉ እናውቃለን። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ይህ ከምሰሶው ሥር ያለው ቦታ የማን እንደሆነ ለዚህ ጀመዓ መንገር አያስፈልግም። ሸኻችን ለዓመታት ተቀምጠው ተፍሲር ያስቀሩበት ነው። እኛ ዛሬ አጠገቡ ቆመን እንናገራለን እንጂ አልተቀመጥንበትም፤ አንቀመጥበትምም። ለምን እንደማንቀመጥበት ለማስረዳት ነው የመጣነው።

ከጥር ወር ጀምሮ፣ ሃልቃው ከቆመ ወዲህ፣ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «እናንተ አምስታችሁ እርሳቸው ዘንድ ስትቀሩ ኖራችሁ የለም ወይ? ኪታቡም አለ። የአማርኛው የቁርኣን ትርጉምም አለ። ስልኩ ላይም ሁሉ ነገር አለ። ታዲያ ለምን እናንተው አታስቀሩንም?» ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ አላህ ይቀበላችሁ። እኛ ግን ዓሊሞች አይደለንም። ሁለታችን ቡና ነጋዴ ነን፣ አንዳችን አስተማሪ፣ አንዳችን ልብስ ሰፊ፣ ታናሻችን ደግሞ ገና ተማሪ ነው። ኪታቡንም ጨርሰን አልቀራንም። መልሳችንን ከመስጠታችን በፊት ተፍሲር እዚህ ቡና ጫካ ውስጥ እንዴት እንደደረሰን እናስታውስ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ስላለ።

ሸኻችን ከወሎ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ በከፋ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ እንዲሰፍር ከተደረገው ሕዝብ ጋር መጡ። ሰው ድስቱንና ቁርበቱን ሲሸከም እርሳቸው ኪታባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አዝለው ነበር። ይህን የምንሰማው ከእርሳቸው አፍ አይደለም፤ አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች ነው። እርሳቸው ስለራሳቸው አይናገሩም።

ወሎ ሲባል በዲን ዕውቀት ምን ማለት እንደሆነ ወጣቶቻችን በደንብ ሊያውቁት ይገባል። ጀማ ንጉሥ፣ ገታ፣ ዳና፣ ሾንኬ፣ ደዌ… እነዚህ በካርታ ላይ ተፈልገው የሚገኙ ትናንሽ ቦታዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከትግራይ እስከ ጅማ ድረስ ደረሳ የሚጎርፍባቸው መርከዞች ነበሩ። ደረሳው ለፊቅህ አንዱ ሸኽ ዘንድ ይቀመጣል፤ ለነሕው ደግሞ በነሕው የታወቁትን ፍለጋ ተራራ ያቋርጣል። ከሎሕ ላይ ቁርኣን ቀርቶ ይጀምራል። ከዚያ ፊቅህ ነው። ከዚያ ነሕውና ሶርፍ፤ ከአጅሩሚያ ተነሥቶ እስከ አልፊያ ድረስ። ዓመታት ይሄዳሉ። ተፍሲር የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቁርኣንን ማንበብ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ቁርኣንን መፍታት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ወጣትነት ነው።

የሚቀራው ኪታብ በአብዛኛው ተፍሲሩል ጀላለይን ነው። ስሙ «የሁለቱ ጀላሎች» ማለት ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ ጀምረው እስከ መጨረሻው ጻፉ፤ ፋቲሓንም ፈቱ፤ ከዚያ በ864 ሂጅራ አጀላቸው ደረሰ። ተማሪያቸው ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ የቀረውን ከበቀራ እስከ ኢስራእ ድረስ ሞሉት። ተማሪው የመምህሩን አካሄድ ተከትሎ፣ ቃሉን እንደርሱ አሳጥሮ፣ ሥራውን በ40 ቀን ጨረሰ። ሁለት ሰው የጻፈው መሆኑን ያልተነገረው ሰው ስፌቱን አያገኘውም። ኪታቡ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ሸኻችን ሲነግሩን ይሥቁ ነበር። አንድ የየመን ዓሊም የቁርኣኑንና የተፍሲሩን ፊደል ቆጥረው እስከ ሱረቱል ሙዘሚል ድረስ እኩል ሆኖ አገኙት ይባላል፤ ከሙደሲር ጀምሮ ግን የተፍሲሩ ይበልጣል። ይህን የቆጠሩት ኪታቡን ያለ ውዱእ መያዝ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ለመለየት ነው። «እናንተ የቡና ኪሎ ትቆጥራላችሁ፤ እርሳቸው ፊደል ቆጠሩ» ይሉን ነበር።

አጭር ስለሆነ ግን ያለ መምህር አይገባም። ሸኹ የዐረብኛውን ቃል ያነባሉ፤ በአማርኛ ይፈቱታል፤ ቃሉ በነሕው ምን ቦታ እንዳለው ያመለክታሉ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቃል ያልፋሉ። ደረሳው ይከተላል። ስለዚህ የአማርኛ ተፍሲር ትናንት የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ዑለማዎች ለብዙ ትውልድ በአፍ ሲፈቱት ኖረዋል። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉም ነበሩ፤ ከእነርሱ ውስጥ ሸኽ ጦልሓ ብን ጀዕፈር በሰፊው የሚታወቁ ናቸው። በእኛ በኩል ደግሞ ጅማ አለች። በአባ ጅፋር ዘመን ዓሊም የሚከበርባት፣ ደረሳ የሚጠለልባት ነበረች። ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን የመጣው ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ብቻ ይዞ አልመጣም።

በወረቀት የመጣውስ? በ1961 ዓ.ም. ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ከባዱን ሥራ የሠሩት ሸኽ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው፤ ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ኋላ የመጅሊሱ የመጀመሪያ ሰብሳቢ የሆኑት ናቸው። ዘመኑን አስቡት። የሙስሊሙ በዓል እንደ ብሔራዊ በዓል አይታወቅም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሕዝበ ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ «እኛም ኢትዮጵያውያን ነን» ከማለቱ 5 ዓመት በፊት ነው። እነዚህ ዑለማዎች ከሰልፉ በፊት ብዕራቸውን ይዘው ወጡ ብንል አንሳሳትም። የተረጎሙትም ከመርከዝ በቀሰሙት ዕውቀት ነው። ዛሬ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለው፣ በስልካችንም የምናነበው በአብዛኛው የእነርሱ ልፋት ነው፤ ስማቸውን ጠርተን ዱዓ የምናደርግላቸው ግን ስንቶቻችን ነን?

አሁን ወደ ዘመናችን ተፍሲሮች እንምጣ። ወጣቶቻችን «የድሮ ተፍሲር ለድሮ ሰው ነው፤ ዘመናዊ ያስፈልገናል» ሲሉ እንሰማለን። ሌሎች ደግሞ «አዲስ የተጻፈ ሁሉ ቢድዓ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ችኩል ናቸው። ባለፈው መቶ ዓመት የተጻፉትን ታላላቅ ተፍሲሮች ብናይ ሥራቸውን የሠሩት በጥንቱ መንገድ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ሸኽ ሙሐመድ አል-አሚን አሽ-ሺንቂጢን ውሰዱ። የሞሪታንያ በረሃ ሰው ናቸው። እንደኛ ልጆች በሎሕ ላይ ቀሩ። ሐጅ ለማድረግ ተነሥተው አፍሪካን በየብስ አቋርጠው ሄዱ፤ መዲና ቀሩና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ተፍሲር አስቀሩ። አድዋኡል በያን የተባለው ሥራቸው ቁርኣንን በቁርኣን የሚፈታ ነው። በ1393 ሂጅራ ሳይጨርሱት ሞቱ፤ ተማሪያቸው ሞሉት። የጀላለይንን ታሪክ ያስታውሳችኋል አይደል? የቱኒዙ ጣሂር ብን ዓሹርም የዘይቱና መስጂድ ልጅ ናቸው፤ በተፍሲራቸው ላይ ወደ 40 ዓመት ተቀመጡ።

እኛን በጣም የሚመስለው ግን የሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ታሪክ ነው። በሕንድ ዴኦበንድ ቀርተው እዚያው ሙፍቲ የነበሩ፣ ኋላ ወደ ፓኪስታን የተሻገሩ ዓሊም ናቸው። በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፓኪስታን ራዲዮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጁሙዓ ጁሙዓ፣ የቁርኣን ትምህርት እንዲሰጡ ጠየቃቸው። ዐረብኛ ለማያውቅ ሰው፣ ለገበሬው፣ ለባለሱቁ፣ ለቤት እመቤቷ በኡርዱ አስተማሩ። 10 ዓመት ሙሉ። ከዚያ ሰዉ «ይታተምልን» ብሎ ጠየቀና ማዓሪፉል ቁርኣን የሚባል 8 ጥራዝ ተፍሲር ሆነ። ልብ በሉ፦ እኚህ ሰው ሙፍቲ ሆነው ሳለ «እኔ እንደገና ልተርጉም» አላሉም። የአያውን ትርጉም ከቀደሙት ዓሊሞች ትርጉም ወሰዱ፤ አሳጥሮ ማብራሪያውንም ከአሽረፍ ዓሊ ታንዊ ሥራ ወሰዱ። የራሳቸውን የጨመሩት ከዚያ በኋላ፣ የዘመኑ ሰው በሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ያን ያህል የተማረ ሰው ያን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ግማሽ የቀራነው እኛ ምን እንበል?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌውም ከሩቅ አይደለም፤ ከሚዛን ነው። ከተማዋን ማለታችን አይደለም፤ ቡና የምንመዝንበትን ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ ሸኻችን ሱረቱል ሙጦፊፊንን አስቀሩን። 83ኛው ሱራ ነው። ሲሰፈርላቸው የሚያስሞሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን አላህ የሚያስጠነቅቅበት። መጀመሪያ ጀላለይንን ፈቱልን። «ወይል» የሚለው ቃል የቅጣት ቃል ነው፤ ወይም በጀሀነም ውስጥ ያለ ሸለቆ ነው። ቀጥሎ የአወራረዱን ምክንያት ነገሩን። ዐብዱላህ ብን ዐባስ እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ የመዲና ሰዎች በስፍር እጅግ መጥፎዎች ነበሩ፤ ይህ ሱራ ሲወርድ ግን ስፍራቸውን አሳመሩ። ከዚያ ወደ ቃሉ ሄዱ። «ሙጦፊፍ» የሚለው «ጦፊፍ» ከሚለው ቃል ነው፤ ጥቂት፣ ኢምንት ነገር ማለት ነው። ሰውዬው ጆንያውን ሙሉ አልሰረቀም። ጭብጥ ነው የወሰደው። አላህ ግን በዚያች ጭብጥ ምክንያት ሙሉ ሱራ አወረደ።

የ1961ዱ አማርኛ ትርጉም ለዚህ ቃል የመረጠው «ሰላቢ» የሚለውን ነው። ሸኻችን እዚህ ላይ ኪታቡን ዘግተው ሣቁ። «የወሎ ገበሬ ሰላቢን ያውቃል» አሉ። ከአውድማው እህል በረከቱ የሚጠፋበት፣ ማን እንደወሰደው የማይታወቅበት። ጎተራው ሙሉ ይመስላል፤ ሲሰፈር ግን የለም። ተርጓሚዎቹ ያንን የገበሬ ፍርሃት አንሥተው ሚዛን ያዡ ላይ አደረጉት። ሰላቢ በሌሊት የሚመጣ ጠንቋይ ሳይሆን በቀን፣ በፀሐይ፣ ሰው እያየው ሚዛን የሚይዝ ሰው ነው። ይህን ያህል ነገር አንድ ቃል ውስጥ መኖሩን ከስልክ ላይ ብቻችንን ብናነብ አናገኘውም ነበር።

ከዚያ ወደ ዘመኑ ተሻገሩ። ሙፍቲ ሸፊዕ ተጥፊፍን ከሚዛን አውጥተው አስፍተውታል። ደመወዙን ሙሉ ተቀብሎ ሰዓቱን የሚሰርቅ ሠራተኛ፣ ሥራን የሚያጓድል ተቀጣሪ ሁሉ እዚህ ይገባል ብለዋል። አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ «ይሄ አዲስ አይደለም ወይ? አያው ስለ ስፍርና ስለ ሚዛን ነው» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሸኻችን ወደ ኢማም ማሊክ ሙወጦእ ወሰዱን። ዑመር (ረ.ዐ.) ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ዐስርን ያልሰገደ ሰው አገኙ፤ ምን አስቀረህ ብለው ጠየቁት፤ ምክንያት ሰጣቸው። ዑመርም ራስህ ላይ አጎደልክ ሲሉት የተናገሩት ቃል ይኸው የተጥፊፍ ቃል ነው። ኢማም ማሊክም ሞልቶ መስጠትና ማጉደል በነገር ሁሉ እንዳለ የሚባለውን ጨመሩበት። ማሊክ ያረፉት በ179 ሂጅራ ነው። ስለዚህ በሃያኛው መቶ ዘመን በራዲዮ የተነገረው ነገር ሥሩ ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደታች የወረደ ነው። ቅርንጫፉ አዲስ ነው፤ ግንዱ የዑመር ነው። እንግዲህ ከሥሩ የበቀለ ዘመናዊ ተፍሲር የምንለው ይህንን ነው። አንድ ሰው ዘመናዊ ነኝ ብሎ መጥቶ ግንዱን ማሳየት ካልቻለ ግን ከየት ቆርጦ እንዳመጣው እንጠይቀዋለን።

የዚያን ቀን የሴቶች ረድፍ ውስጥ አንዲት እናታችን ነበሩ። ሸኮ ናቸው፤ እስልምናን ከተቀበሉ ብዙ አልቆዩም፤ አማርኛው ብዙም አይመቻቸውም። በልጃቸው በኩል ጠየቁ። ቡናቸውን የሚሸጡበት ሚዛን ከግማሽ ኪሎ በታች ያለውን አይቆጥርም። መርፌው አይነቃነቅም። እርሳቸው ደግሞ አንዴ የሚያመጡት ጥቂት ኪሎ ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ። በየጊዜው የምትቀረው ያቺ ትርፍ የማን ናት? ሚዛን ያዡ አልሰረቀም፤ ሚዛኑ ነው ያላየው። ኃጢአቱ የሚዛኑ ነው ወይስ የሰው?

መስጂዱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ሚዛን ያለን ሰዎች አንገታችንን ደፋን። ይህን የምንናገረው ራሳችንን አውጥተን አይደለም።

ሸኻችን መልስ አልሰጡም። «የሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ» አሉ። ኪታብ ገለጡ፤ ጅማ ያሉ አንድ ዓሊም ጓደኛቸው ዘንድ ደወሉ፤ ነጋዴዎቹን ጠርተው ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ። ስለ ሚዛን ሥራ ከዓሊም ይልቅ ነጋዴ ያውቃላ! በሳምንቱ መለሱ። ሚዛኑ እንደማያይ ካላወቀ በእርሱ ላይ ወቀሳ የለም፤ ካወቀ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የሚዛኑ መሆኑ ያበቃል። ወይ ሚዛኑን ያስጠግናል፣ ወይ የእናትየዋን ቡና አጠራቅሞ በአንድ ላይ ይመዝናል፣ ወይ ወደ እርሷ ያደላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንድ መዛኝ ሲመዝን ወደ ተቀባዩ እንዲያጋድል እንዳዘዙት የተላለፈውን ሐዲስ አስረዱ። ከዚያ ወደ ሻጩም ዞሩ። ቡናውን ውኃ እየነካኩ የሚያከብዱ፣ ጀንፈሉ ሳይደርቅ የሚያመጡ፣ ከቀዩ ውስጥ አረንጓዴ የሚደባልቁም ከሱራው አያመልጡም አሉ። እናታችን ይህንንም ልጃቸው ሲተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ነጋዴ ሚዛኑን አስጠገነ። አንዱ የእናቶችን ቡና በስማቸው እያጠራቀመ መመዘን ጀመረ። ሌሎቹ እስካሁን እንደነበሩ ናቸው። እንዲህ ነው፤ ሁሉም አይለወጥም።

ይህን ታሪክ ያስረዘምነው የተፍሲር ሃልቃ ሲዘጋ ምን እንደሚዘጋ እንድታዩ ነው። በጥር ወር ሰዎች መጡ። ማን እንደሆኑ ዛሬ አንናገርም። ሸኻችን «ሥልጠና የወሰዱበት ወረቀት አለዎት ወይ?» ተባሉ። እርሳቸው ያላቸው ወረቀት ኢጃዛ ነው፤ ሸኻቸው የሰጧቸው፣ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተቆጠረ የሚሄድ ሰነድ። አልተቀበሏቸውም። ያለ ወረቀቱ እንዳይቀመጡ ተነገራቸው። ወጣቶቻችን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እርሳቸው ናቸው «ተዉ» ያሉት። ኪታባቸውን በዚያው አሮጌ ጨርቅ ጠቀለሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በ1977 ተሸክመውት የመጡትን በ2005 ከመስጂድ ተሸክመውት ወጡ።

ስለ ሥልጠናው ሚዛናዊ እንሁን፤ ስለ ሚዛን ስናወራ ቆይተን ራሳችን አናጉድል። በ2003 ክረምት ሐረማያ ላይ የተጀመረው ሥልጠና የሚያስተምረውን አመለካከት የሚይዝ ሙስሊም ካለ ይያዝ። መብቱ ነው። ያስተምር፣ ይከራከር፤ ዑለማዎች በኪታብ ይመልሱለት። እነርሱም የጥንቱን መንገድ ነው የያዝነው ይላሉ፤ በዚህ ላይ የሚፈርደው ዕውቀት ነው። ሕዝበ ሙስሊሙ ከ2004 ጀምሮ በየጁሙዓው «ድምፃችን ይሰማ» እያለ በሰላም የሚጠይቀው አንድ አመለካከት በቢሮ ማኅተም እንዳይጫንበት፣ መሪዎቹንም ራሱ በመስጂዱ እንዲመርጥ ነው። ጥያቄውን ይዘው የሄዱት ኮሚቴዎቻችን ከታሰሩ ይኸው ዓመት ሞላቸው። አላህ ያስፈታቸው። ግብር ሲከፈል ሞልቶ ይወሰዳል፤ መብት ሲሰፈር ይጎድላል። ይህም ተጥፊፍ ነው፤ ሙፍቲ ሸፊዕ ባስፋፉት መንገድ ከሄድን። ነገር ግን ያንኑ ሱራ ጁሙዓ ቀን በመንግሥት ላይ ብቻ አንብበን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሚዛናችንን ካላየንበት አንሱን እንደቀራን አይቆጠርም። ሸኻችን ይህን ደጋግመው ብለውናል፤ ያኔ አልወደድንላቸውም ነበር።

እንግዲህ መልሳችን። አምስታችን ተነጋግረናል፤ ሸኻችንንም ቤታቸው ሄደን ጠይቀናል። እኛ ተፍሲር አናስቀራም። አቡ በክር (ረ.ዐ.) በሱረቱ ዐበሰ ውስጥ ስላለች አንዲት የሣር ቃል ተጠይቀው፣ በአላህ መጽሐፍ ላይ የማያውቁትን ከተናገሩ የትኛው ሰማይ ያስጠልላቸዋል፣ የትኛው ምድር ይሸከማቸዋል ብለው እንደፈሩ ተላልፏል። ከሣር ስም ፈሩ! ዐረብኛው የአፍ መፍቻቸው ነው፤ አያው ሲወርድ ነበሩ። እኛ ደግሞ በኣሊ ዒምራን 7ኛው አያ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ መተንፈስና አልፎ መተንፈስ ትርጉሙን እንደሚለውጠው፣ ዑለማዎችም ከቀድሞ ጀምሮ በዚያ ማቆሚያ ላይ እንደተነጋገሩበት ያወቅነው ባለፈው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት አንብበነዋል።

ግን ደግሞ መስጂዱ ባዶ ይሁን አላልንም። ሸኻችን የፈቀዱልን እነሆ። ከነገ ጀምሮ ከዐስር በኋላ የአማርኛውን ትርጉም ጮክ ብለን እናነባለን፤ እናንተ ታዳምጣላችሁ። ማብራሪያ አንጨምርም። «ይህ ማለት እንዲህ ነው» የሚል ድምፅ ከእኛ ከሰማችሁ አስቁሙን። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አንድ ደብተር ይቀመጣል፤ ጥያቄ ያለው ይጻፍበት፤ መጻፍ የማይችል ታናሻችን ይጽፍለታል። ደብተሩ በየሐሙሱ ወደ ሸኻችን ቤት ይሄዳል። መልሳቸው በእጃቸው ጽሑፍ ይመጣል፤ እርሱን ብቻ እናነባለን። ቤታቸው ለዝያራ የሚሄድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት አይብዛ፤ ሰበብ እንዳንፈጥርባቸው። ከመጡት ሰዎች ጋር ማንም እሰጥ አገባ እንዳይገባ፤ ይህ የእርሳቸው አደራ ነው።

የሸኮኛው ጉዳይም አለ። እናታችን በልጃቸው አፍ መጠየቃቸው ለሁላችንም ትምህርት ሆኗል። በሸኮ፣ በቤንች፣ በከፋ ቋንቋ ፋቲሓንና አጫጭሮቹን ሱራዎች በቃል የሚፈታ ሰው ያስፈልገናል። ወሎዎች በአማርኛ ያደረጉትን እኛ በእነዚህ ቋንቋዎች ለማድረግ ማን ከለከለን? ሦስት የሸኮ ወጣቶች ፈቃደኞች ሆነዋል። ግን አሁኑኑ አይጀምሩም። ሁለቱ ዘንድሮ ክረምት ነሕው ለመቅራት ጅማ ይሄዳሉ፤ ሦስተኛው የቡና ለቀማው እንዳለቀ ይከተላቸዋል። የመንገዳቸውንና የስንቃቸውን ወጪ ይህ ጀመዓ ይሸፍናል ብለን ቃል ገብተንላቸዋል፤ ሳንጠይቃችሁ በመግባታችን ይቅርታ። ሣጥኑ በሩ ላይ ነው። ቡና ነጋዴዎቻችን ደግሞ በዚህ ዓመት በየሚዛኑ የቀረችውን ያቺን ግማሽ ኪሎ አስቡልን፤ ባለቤቷ የታወቀች እንደሆነ ለባለቤቷ ትመለስ፣ ባለቤቷ የጠፋች እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ግን እኛ አንነግራችሁም። የደብተሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ሆኖ ተጽፏል፤ መልሱን ሐሙስ እንጠብቃለን።

ሰማዩ ሊያወርደው ነው። የቴፒዎች መኪና ውጭ እየጠበቃችሁ ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።